ጉንዳን ፊት ለፊት፦ ከ1 እስከ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ እንዴት ይመረጣል?

ባለ 5 እጥፍ ሌንስ እጄ የገባ ዕለት ማታ አንዲት ጉንዳን ስፈልግ ግማሽ ሰዓት አጠፋሁ። ጉንዳኗ የትም አልሄደችም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከሌንሱ አፍ አራት ሴንቲሜትር ርቃ፣ የማር ጠብታ እየላሰች ነበር። እኔ በስክሪኑ የማየው ግን ቡናማ ጭጋግ ብቻ። ካሜራውን የፀጉር ያህል ስገፋው የሆነ ጥቁር ነገር ብልጭ ይልና ይጠፋል። ስመልሰው የለም። በመጨረሻ አንድ እግር አገኘሁ። እግሩ እየሄደ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ለማክሮ፣ ማለትም ትንንሽ ነገርን አቅርቦና አጉልቶ ለማንሳት፣ "የቱን ሌንስ ልግዛ?" ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የምታነሳው ነገር ይቆምልሃል? አብዛኛው ሰው የሚጀምረው "ስንት እጥፍ ያጎላል?" ብሎ ነው። አይፈረድበትም፤ ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሳጥኑ ላይ የማይጻፈው በሌንሱ አፍና በጉንዳኗ መካከል የሚቀረው ቦታ ነው። ብርሃን የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። ጉንዳኗ የምትሸሸውም ክፍተቷ ስትጠብባት ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

1 እጥፍ ማለት ነገሩ ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ሰሌዳ) ላይ በእውነተኛ መጠኑ ያርፋል ማለት ነው። የፉል ፍሬም ካሜራ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ በ1 እጥፍ ፎቶው ውስጥ የሚገባው 36 በ24 ሚሊሜትር ቦታ ነው። በ2 እጥፍ 18 በ12 ይሆናል። በ5 እጥፍ 7.2 በ4.8 ብቻ ይቀራል፤ አንድ የሩዝ ፍሬ ከዳር እስከ ዳር ሊሞላው ምንም አይቀረውም። በ10 እጥፍ 3.6 በ2.4 ነው። እዚያ ላይ የዝንብ ጭንቅላት ራሱ ግዙፍ ነው።

ሴንሰሩ ሲያንስ የሚታየው ቦታም አብሮ ይጠባል። ያው ባለ 5 እጥፍ ሌንስ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ሲገጠም የሚያሳየው 4.7 በ3.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። አንዳንድ ማስታወቂያዎች ይህን ይጠቀሙበታል። ለምሳሌ የኦኤም ሲስተም 90 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ 2 እጥፍ ነው የሚያጎላው። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ግን "ከ4 እጥፍ ጋር እኩል" ተብሎ ይቀርባል። ውሸት አይደለም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ግን አታቀላቅሉ።

አሁን ቅር የሚያሰኘው ሒሳብ። ሌንሱ ላይ የምትመርጡት የኤፍ ቁጥር (የሌንሱ ቀዳዳ፣ የአፐርቸሩ፣ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል) እና ሴንሰሩ የሚያገኘው ብርሃን በማክሮ አይገናኙም። ሴንሰሩ በእርግጥ የሚያየውን የኤፍ ቁጥር ለማግኘት በእጥፉ ላይ አንድ ደምሩና በኤፍ ቁጥሩ አባዙት። ኤፍ/2.8 በ5 እጥፍ፣ 2.8 ሲባዛ በ6፣ 16.8 ይሆናል። "ብዙው ጥርት እንዲል ኤፍ/16 ላድርገው" ካላችሁ ደግሞ 96! በእንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃን ይበተናል፤ ፎቶው ሁሉ በላብ የተሸፈነ መስታወት ይመስላል። ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ ሞክሬዋለሁ። የተቆጠረው አቧራ ብቻ ነው።

ኤፍ/2.8 ላይ ስትቆዩ በበኩሉ ሌላ ጣጣ አለ። በ5 እጥፍ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ይህ የተራ ወረቀት ግማሽ ውፍረት ነው። የጉንዳኗ ዓይን ሲጠራ አንቴናዋ ጭስ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ፎቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጠራ ነፍሳት ካያችሁ፣ ያያችሁት አንድ ፎቶ ሳይሆን በአሥርና በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ተደርበው ነው።

ርካሹ መንገድ፣ ብዙ ጊዜ ትክክለኛውም

1 እጥፍ የሚያጎላ የ100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ካላችሁ፣ ለጊዜው ሌላ ሌንስ አትፈልጉም። ከፊቱ የሚገጠም ማጉያ መስታወት በቂ ነው። በጣም የታወቀው ሬይኖክስ ዲሲአር-250 ነው። ጉልበቱ 8 ዳዮፕተር ነው። ከሁለቱ ጎኖቹ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ሌንሱ አፍ ላይ ትለቁታላችሁ፤ ማጣሪያ የሚገጠምበት አፍ ከ52 እስከ 67 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ሁሉ ይቀበለዋል። ከ100 ሚሊሜትር ማክሮ ጋር 2 እጥፍና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይሰጣችኋል። አውቶፎከሱ ይሠራል። አፐርቸሩም ከካሜራው ይታዘዛል። ቢራቢሮዋ ክንፏን ዘርግታ ሙሉዋን ማንሳት ስትፈልጉ በአንድ እጅ ነቅላችሁ ኪሳችሁ ትከታላችሁ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ለ5 እጥፍ ብቻ የተሠራ ሌንስ ይዞ የወጣ ሰው፣ ተርብ ዝንብ መጥታ አጠገቡ ብታርፍ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም።

ታናሹ ዲሲአር-150 4.8 ዳዮፕተር ነው። ረዘም ላለ ሌንስ፣ ለ200 ሚሊሜትር ለምሳሌ፣ እሱ ይሻላል። ኤምኤስኤን-202 የሚባለው ባለ 25 ዳዮፕተር ግን ለእኔ አልተመቸኝም። ከነገሩ ጋር ሊላተም እስኪደርስ መጠጋት አለባችሁ።

ማራዘሚያ ቱቦ ላይ ብዙ አልቆይም። ውስጡ ባዶ ቀለበት ነው፤ ሌንሱን ከሴንሰሩ ያርቀዋል። የቱቦውን ርዝመት ለሌንሱ ሚሊሜትር ካካፈላችሁ የሚጨምረውን እጥፍ ታገኛላችሁ። የተለመደው ባለ ሦስት ቀለበት ስብስብ 12፣ 20 እና 36 ሚሊሜትር ነው፤ ሲደመር 68። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 1.36 እጥፍ ማለት ነው። በ100 ሚሊሜትር ላይ ግን 0.68 ብቻ ይጨምራል። ኤሌክትሪክ ነጥቦች የሌሉትን አትግዙ፤ አፐርቸሩ ከካሜራ ጋር መነጋገር ያቆማል።

ሌንስ መገልበጥስ? በጣም ደስ የሚል ዘዴ ነው። ሰፊ ሌንስ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙራችሁ በቀለበት ትገጥሙታላችሁ። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ሲገለበጥ 1 እጥፍ አካባቢ፣ 28 ሚሊሜትር ደግሞ 2 እጥፍ አካባቢ ይሰጣል። ለዚህ የሚሆነው አፐርቸር ቀለበት ያለው የድሮ ሌንስ ነው። ሌላው ብልሃት አንዱን ሌንስ በሌላው አፍ ላይ ገልብጦ መግጠም ነው፦ ከኋላ 200 ሚሊሜትር፣ ከፊት የተገለበጠ 50 ሚሊሜትር፣ 200 ለ50 ሲካፈል 4 እጥፍ። ሒሳቡ ያምራል፣ ፎቶውም ብዙ ጊዜ ያስገርማል። ችግሩ ስስ የሆነው የሌንሱ ጀርባ ወደ ውጭ መጋለጡ ነው። ቀለበቱም አይታመንም። አንድ ጊዜ ያዘዝኩት ርካሽ ቀለበት ጥርሱ ጠማማ ነበር፤ ሌንሴ ላይ ነክሶ ቀረ። የሚያስለቅቅልኝ ባለሙያ እስካገኝ ሁለት ሳምንት ያለ ሌንስ ተቀምጫለሁ። ለመሞከርና ለመማር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ሁለቱ ባለ 5 እጥፎች

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚጦፈው። በአንድ በኩል ካኖን ኤምፒ-ኢ 65 ሚሊሜትር አለ። የወጣው በ1999 ነው፤ ከ1 እስከ 5 እጥፍ ይሄዳል። በሌላ በኩል ላዎዋ 25 ሚሊሜትር፣ በ2018 የወጣ፣ ከ2.5 እስከ 5 እጥፍ። ሁለቱም በኤፍ/2.8 ይጀምራሉ። ሁለቱም አውቶፎከስ የላቸውም። ሩቅ ያለ ነገር ላይም አያተኩሩም፤ የቤተሰብ ፎቶ በእነሱ አይነሳም። ቀለበቱን ስታዞሩ የሚለወጠው እጥፉ ነው። ፎከስ የምታደርጉት መላ ካሜራውን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ነው።

ወረቀት ላይ ላዎዋ ያሸንፋል። ክብደቱ 400 ግራም ነው፤ ካኖን 700 ያልፋል። ዋጋውም በጣም ይረክሳል። በ5 እጥፍ የሚተውት ርቀት እኩል ነው ማለት ይቻላል፦ ላዎዋ 40 ሚሊሜትር፣ ካኖን 41። የላዎዋ አፍ ቀጭን ስለሆነ ብርሃን ከጎን ለማስገባት ይመቻል። የኒኮን፣ የሶኒና የሌሎችም ካሜራዎች መግጠሚያ አለው። ካኖኑ ግን አፐርቸሩን የሚያዝዘው በኤሌክትሪክ ነው። የሌላ ኩባንያ ካሜራ ላይ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ አዳፕተር ከሌላችሁ ኤፍ/2.8 ላይ ተቀርቅራችሁ ትቀራላችሁ።

ታዲያ ለምንድን ነው ብዙ የመስክ ሰው ካኖኑን የሙጥኝ ያለው? መልሱ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ጉንዳን ጋ ነው። ካኖኑ ከ1 እጥፍ ስለሚጀምር፣ በ1 እጥፍ ጉንዳኗን ታገኛላችሁ፣ መሐል ላይ ታደርጓታላችሁ፣ ከዚያ ቀለበቱን እያዞራችሁ ትጠጋላችሁ። በ1 እጥፍ ያለው ርቀት 101 ሚሊሜትር ነው። አሥር ሴንቲሜትር ለጉንዳን ሰፊ ነው፤ አትደነግጥም። ላዎዋ ላይ በር የሚከፈተው 2.5 እጥፍ ላይ ነው። ርቀቱም ከመነሻው 45 ሚሊሜትር ስለሆነ ገና ስትፈልጓት ፊቷ ላይ ቆማችኋል። የእኔን ግማሽ ሰዓት የበላው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ልዩነት አፐርቸሩ ነው። ካኖኑ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ላዎዋ ላይ አፐርቸሩን በእጃችሁ ነው የምትዘጉት፣ ስትዘጉት ዕይታውም አብሮ ይጨልማል። መስታወት ባለው የድሮ ካሜራ ይህ ከባድ ፈተና ነው። መስታወት በሌለው (ሚረርለስ) ካሜራ ስክሪኑ ራሱን ስለሚያበራ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ስለዚህ ፍርዴ ይኸውላችሁ፦ ጠረጴዛ ላይ፣ ባቡር ላይ (ካሜራውን በብሎን ሚሊሜትር በሚሊሜትር የሚገፋ ሐዲድ ነው) ካሜራ አስራችሁ፣ የደረቀ ጥንዚዛ ወይም የአበባ ብናኝ የምታነሱ ከሆነ ላዎዋን ግዙ። ለካኖኑ የምትከፍሉት ትርፍ ገንዘብ በፎቶው ላይ አይታይም። የካኖን ካሜራ ይዛችሁ በእጃችሁ ሕያው ነገር የምታሳድዱ ከሆነ ካኖኑን ፈልጉ፤ ያገለገለም ቢሆን ይሠራል።

ሚታኮን 20 ሚሊሜትር የሚባል ሌላ አለ። ኤፍ/2 ነው፣ 4 እጥፍና ትንሽ ይበልጣል፣ በጣም ትንሽና ርካሽ ነው። የሚተወው ርቀት ግን 20 ሚሊሜትር። ሁለት ሴንቲሜትር ላይ ሌንሱ ራሱ ጥላ ይጥላል። ለሳንቲም ወይም ለጨርቅ ክር ይሆናል፤ ነፍስ ላለው ነገር አልመክረውም።

ከ5 በላይ ስትመኙ

ከ5 እጥፍ በላይ የካሜራ ሌንስ መፈለግ ትተን ወደ ማይክሮስኮፕ እንሄዳለን። የማይክሮስኮፕ ኦብጀክቲቭ (ከሚታየው ነገር ፊት ያለው ሌንሱ) ካሜራ ላይ ሊገጠም ይችላል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጎኑ ላይ 160 የሚል ቁጥር ያለው ነው፤ በባዶ ቱቦ ወይም በቤሎ (እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ማራዘሚያ) ብቻ ይሠራል። ርካሽ ባለ 4 እጥፍ ኦብጀክቲቭ በዚህ መንገድ የሚሰጠው ጥራት ሰው አያምነውም። ሁለተኛው የመጨረሻ የለሽ ምልክት፣ የተጋደመ 8 የመሰለው፣ የተጻፈበት ነው። ይህኛው ከኋላው ሌላ ሌንስ ይፈልጋል። የኒኮንና የሚቱቶዮ ኩባንያዎች ኦብጀክቲቮች የተሠሩት ለ200 ሚሊሜትር ሌንስ ነው። በ200 ሚሊሜትር ሌንስ አፍ ላይ ባለ 10 እጥፉን ስትገጥሙ 10 እጥፍ ታገኛላችሁ። በ100 ሚሊሜትር ላይ ብትገጥሙት 5 ይሆናል፣ ጥጋጥጉም ሊጠቁር ይችላል።

እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ሌቨን ቢስ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጥንዚዛዎችን ያነሳው በዚሁ ዘዴ ነው፦ ባለ 10 እጥፍ ኦብጀክቲቭ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ። አንዱ ፎቶ ከ8,000 በላይ ከሚሆኑ ፎቶዎች የተሠራ ነው። ነፍሳቱን በክፍል በክፍል አብርቶ፣ ካሜራውን በጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) እያንቀሳቀሰ። ጥንዚዛዎቹ የሞቱ መሆናቸውን ልብ በሉ። ሺህ ፎቶ እስኪነሳ የሚቆም ሕያው ጥንዚዛ የለም።

እዚህም ቢሆን ርቀቱን ጠይቁ። የሚቱቶዮ ባለ 10 እጥፍ 34 ሚሊሜትር ያህል ይተዋል፤ ውድ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ተራ ባለ 10 እጥፍ ኦብጀክቲቭ ብዙ ጊዜ አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። "40 እጥፍ" የሚል ርካሽ ኦብጀክቲቭ አይታችሁ አትጎምጁ። ርቀቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ብርሃን የምታስገቡበት ቦታ አይኖርም።

ሌንሱ ብቻውን አይበቃም

ይህን ክፍል ዘላችሁ ሌንስ የምትገዙ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ዘልዬው ነበር።

እጥፉ ሲጨምር ንቅናቄውም በዚያው ልክ ያድጋል። በ5 እጥፍ በክፍሉ ውስጥ የሚራመድ ሰው ፎቶውን ያበላሸዋል። የካሜራውን ሹተር መምታት ራሱ ያንቀጠቅጠዋል። መፍትሔው ወይ ኤሌክትሮኒክ ሹተር (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው) ነው፣ ወይ ፍላሽ። ፍላሽ በትንሽ ኃይል ሲተኮስ ብልጭታው እጅግ አጭር ስለሆነ ንቅናቄውን ያስቆመዋል። በእጅ ለሚያነሳ ሰው ከሌንሱ በፊት የሚገዛው ፍላሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ራቁቱን ግን አትተኩሱት። የጥንዚዛ ጀርባ መስታወት ነው፤ የፍላሹን አምፖል መልሶ ያሳያችኋል። ነጭ የፕላስቲክ ኩባያ ውሰዱ፣ ቂጡን ቁረጡ፣ ጥንዚዛውን መሐል አስገቡ፣ ፍላሹን በኩባያው ግድግዳ በኩል አብሩት። እኔ ውድ ማለስለሻዎችን ሞክሬ ወደ ኩባያዬ ተመልሻለሁ።

የመደረቡ ሒሳብም ይታወቅ። 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ጥንዚዛ በ5 እጥፍ፣ በኤፍ/2.8፣ ፎቶዎቹ በትንሹ እንዲደራረቡ በ0.035 ሚሊሜትር እርምጃ ብታነሱ 86 ፎቶ ይሆናል። በ10 እጥፍ ኦብጀክቲቭ እርምጃው ወደ 0.005 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ 600 ፎቶ። 86ቱን በእጅ በሚዞር ባቡር ከትዕግሥት ጋር ማንሳት ይቻላል። 600ውን ሞተር ያለው ባቡር ይሥራው። ፎቶዎቹን የሚደርቡት ዜሪን ስታከርና ሄሊኮን ፎከስ የታወቁ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ፎቶሾፕም ይሠራል፣ ፎቶው ሲበዛ ግን ይተነፍሳል። ካሜራችሁ በራሱ ፎከስ እያንቀሳቀሰ በተከታታይ የሚያነሳ ከሆነ ደግሞ ይህ የሚሠራው አውቶፎከስ ባለው ሌንስ ብቻ ነው። ከሁለቱ ባለ 5 እጥፎች ጋር አይሠራም። የ100 ሚሊሜትርና የሬይኖክስ ጥምር ግን ይጠቀምበታል፤ ይህም ለርካሹ መንገድ ሌላ ነጥብ ነው።

የቱን ልግዛ ላላችሁ

ገና ጀማሪ ከሆናችሁና ሕያው ነገር የምትወዱ ከሆነ፣ 1 እጥፍ ማክሮ ሌንስ፣ ሬይኖክስ 250፣ ፍላሽና ኩባያ። ይህን ይዛችሁ አንድ ዓመት ሥሩ። የቢራቢሮ ክንፍ ስትነኩ ጣታችሁ ላይ የሚቀረውን ዱቄት በ2 እጥፍ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ታዩታላችሁ። በ5 እጥፍ ያው ዱቄት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድሮ ይታያል፣ የእያንዳንዱ ጫፍ ሳይቀር። ያን ለማየት ዓይናችሁ ከጓጓ፣ ሬይኖክሱ እየጠበባችሁ መሆኑን በራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያኔ ላዎዋ ወይም ካኖን።

ሕያው ነገር የማትፈልጉ፣ ማዕድን፣ የሰዓት ጥርስ፣ ዘር፣ የደረቀ ነፍሳት የምታነሱ ከሆነ ግን መሐሉን ዝለሉት። በቀጥታ ባቡርና ላዎዋ፣ ወይም 200 ሚሊሜትር ሌንስ ካላችሁ ባለ 10 እጥፍ ኦብጀክቲቭ። ለእናንተ ከሌንሱ ይልቅ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ይበልጣል።

ለጉንዳኗ ደግሞ ሰዓት ምረጡ። ነፍሳት በብርድ ይደነዝዛሉ። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ሣሩ መሐል ተንበርከኩ። ተርብ ዝንቧ ክንፏ ላይ ውሃ ተሸክማ እንደተጣበቀች ታገኟታላችሁ። ፀሐይ እስክትመታት ድረስ አትበርም፤ በ1 እጥፍ ጀምሩና ተጠጉ።